ጥርሱ የተሰበረው ካሴት

የጋሽ ገመቹን ሞት የነገረችኝ ሐዋ ናት፤ በስልክ፣ በድምፅ መልእክት። ሐዋ አማርኛ አትጽፍም። ስትናገርም ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» እያለች ነው የምትወጣው። «ሰዓዳ፣ አንተ ደህና ነህ? ልጆች ደህና ነው? እናት ደህና ነው?» ብላ ቤተሰቤን አንድ በአንድ ጠየቀች። ከዚያ «ዳኛ ሞተ። አገሩ ገብቶ ሞተ። ትናንት ቀበሩ። ኢና ሊላህ» አለች። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ቀጥሎ ያለው የሱ ነው። ከመሞት በፊት ለኔ ላከ። ለአንተም ሰላምታ አለበት» አለችኝ።

ቀጥሎ ያለውን አልከፈትኩትም። የሰውየውን ድምፅ ለመስማት አቅም አልነበረኝም። ሰው ሲያረጅ ለለቅሶም ጉልበት ያጥረዋል።

ጋሽ ገመቹን የተዋወቅኋቸው አሶሳ ውስጥ፣ ክልሉ ገና አዲስ ሳለ ነው። ማኅተሙ አዲስ፣ ባንዲራው አዲስ፣ በየቢሮው በር ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ቀለሙ ያልደረቀ። አሮጌው ነገር ወንበሩ ብቻ ነበር፤ ከቀድሞው አስተዳደር የተረፈ፣ አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ። እኔ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ሰዎች ልጅ ነኝ። ታይፕ ስለተማርኩ ሕግ የሚረቀቅበት ክፍል መደቡኝ። ክፍሉ ማለት እሳቸው፣ እኔ፣ አንድ የጽሕፈት መኪናና በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጽሐፍ ነው።

«ሥራዬ ምንድን ነው?» አልኳቸው የገባሁ ዕለት።

«ሥራው ድካም ነው፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። በኦሮምኛ «ሴት ልጄ» ማለታቸው ነው። «ደመወዙን ግን ለሕግ ነው የሚከፍሉን።»

ድካም ሰላምታቸው ነበር። «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «ደክሞኝ» ይላሉ፤ «እንዴት ዋሉ?» ሲባሉም ያው ነው። በቤጊ በኩል ያደጉ የወለጋ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ በአሶሳ ሙቀት ኮታቸውን የማያወልቁ። አንድ ጉዳይ ሲቸግራቸው ያንን በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ፣ ማንጎ እንደሚመርጥ ሰው፣ በጣታቸው መታ መታ ያደርጉትና «አልበሰለም» ይላሉ። የሚወዱት አባባልም ነበራቸው፤ «ዕቃ በመኪና ይመጣል፣ ሕግ በእግሩ።»

አባባሉ ውሸት እንዳልሆነ ፋክስ የገባልን ጊዜ አየሁ። የመጀመሪያው ትእዛዝ በፋክስ ሲደርስ አንድ የቢሮ ኃላፊ አልቀበልም አለ። ማኅተሙ ሐምራዊ መሆን ሲገባው ጥቁር ሆነበት፤ አጭበርባሪ የላከው መሰለው። ወረቀቱ ለማረጋገጫ በመኪና ተመልሶ አዲስ አበባ ሄደ። ጋሽ ገመቹ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው በፋክስ ስለሚመጣ ሰነድ ረቂቅ ጻፉ። ያ ረቂቅ ጸደቀ። በጸደቀ በክረምቱ ፋክሱን መብረቅ መታው።

እኔ የማልረሳቸው ግን በፋክሱ አይደለም፤ በሐዋ ካሴት ነው።

ወደ እኛ ክፍል ከመምጣታቸው በፊት ዳኛ ነበሩ። የሐዋ ባል ሀሩን በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን እየተመላለሰ ይነግድ ነበር። ደማዚን ላይ ታመመ፤ መመለስም አልቻለም። ያኔ የድንበሩ ሰው ደብዳቤ አይጻጻፍም። ደብዳቤ አንባቢ ይፈልጋል፤ አንባቢ ደግሞ የቤትህን ገመና ይዞ ይሄዳል። የበርታ ቋንቋስ ያኔ ማን ይጽፈው ነበር? ስለዚህ ሰው የሚላላከው ካሴት ነው። ላኪው ቴፑ ፊት ይቀመጥና መጀመሪያ ዘመዱን በየስሙ እየጠራ ሰላም ይላል። አንዱን ሰላም ካለ በኋላ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ መተዉ ነው። ካሴቱ በሾፌር እጅ ድንበር ተሻግሮ ሲደርስ ቤተ ዘመዱ ይሰበሰባል፤ ስሙ የተጠራው ሰው በዚያ ዝምታ መሃል ጮክ ብሎ ይመልሳል። ከመለሰ በኋላ «አልሰማሁም» ማለት የለም። ቁም ነገር ያለበት ካሴት ከሆነ ደግሞ ዘፈን እንዳይቀዳበት ከጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ይሰብሯቸዋል።

ሀሩን ከመሞቱ በፊት የላከው ካሴት እንዲህ ያለ ነበር። አሶሳ ከተማ ውስጥ፣ ሐዋን ሳያገባ የሠራው፣ ማንጎ ያለበት ግቢ አለው። ልጅ አልወለዱም። «ቤቱ የሐዋ ነው፤ ወንድሜ ኢድሪስ ምስክር ሁነኝ» ይላል። ኢድሪስ ይህን ከሰው ሰምቷል። ካሴቱን እንዲያዳምጥ ሲጠሩት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ፤ ክስ መሠረተ። በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ ሁለቱም ወገን መስማማት ነበረባቸው፤ እሱ አልተስማማም። ጉዳዩ ጋሽ ገመቹ ችሎት መጣ።

ሕጉ እንደሆነ ግልጽ ነበር። እንዲህ ያለ ኑዛዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቃል የሚደረገው ለትንሽ ነገር ነው። ሚስትም የባሏ ወራሽ አይደለችም። ሐዋ አዲስ ባትሪ ገዝታ ቴፑን በሻሽ ጠቅልላ ችሎት ገባች። ማንም ሳይፈቅድላት ቁልፉን ተጫነችው። «አሰላሙ አለይኩም» የሚል የወንድ ድምፅ ወጣ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳይቀር «ወአለይኩም ሰላም» ብሎ መለሰ። ጋሽ ገመቹ ጠረጴዛ መትተው «ፍርድ ቤት ካሴት አይሰማም፤ አጥፊው!» አሉ። ቤቱን ለኢድሪስ ፈረዱ።

ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ በአንድ ቀን ሳይሆን እየቆነጠሩ። አንዴ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሥራ ሲያስቆመን፣ «ሕጉ ትክክል ነበር» አሉኝ። «እኔም ትክክል ነበርኩ። ሁለታችንም ትክክል ሆነን አንዲት ሴት ሜዳ ላይ ልንጥል ነው።»

ሐዋ ይግባኝ ብላለች፤ ይግባኙ እስኪወሰን ከቤቷ እንዳትወጣ ዕግድ አግኝታለች። አዲሱ ክልል ደግሞ ሕግ የሚያረቅ ሰው ቸግሮት ጋሽ ገመቹን ከችሎት አንስቶ እኛ ዘንድ አመጣቸው። እንድተይብ የሰጡኝ የመጀመሪያ ወረቀት አንድ አንቀጽ ነበር። በቴፕ የተቀረጸ ኑዛዜ፣ ድምፁን የሚያውቁ ሰዎች ካረጋገጡና ጥርሱ በምስክር ፊት የተሰበረ ከሆነ፣ በጽሑፍ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ ይህ ክርክራቸው ላላለቀ ጉዳዮችም ይሠራል የሚል መስመር አለ።

«ይቺ የመጨረሻዋ መስመር ለሐዋ ናት?» አልኳቸው።

«ለሐዋ ናት። ይግባኙ ሳይወሰን ከጸደቀች ቤቱን ታድናለች። ከዘገየች አታድንም።»

ነገሩ እንግዲህ እሽቅድምድም ሆነ፤ ያውም እኛ በእግር።

ሐዋ በገበያ ቀን ቢሮ ብቅ ትላለች። ማንጎ በዘንቢል ይዛ በሩ ላይ ትቆምና «ዳኛ፣ ሕግ ደረሰ?» ትላለች። «ገና ነው» ይሏታል። «ማሊሽ» ትልና፣ ግድ የለም እንደማለት ነው፣ ማንጎውን አስቀምጣ ትሄዳለች። እሳቸው አንዲት ፍሬ ቀምሰው አያውቁም። «ባለጉዳይ ናት» ይላሉ፤ ዘንቢሉን ወደ እኔ ይገፉታል። እኔ ባለጉዳይ የለብኝም፤ እበላለሁ። ከአፌ ጭማቂ ሲንጠባጠብ እያዩ ምራቃቸውን ሲውጡ ስንቴ አይቻቸዋለሁ።

ረቂቁ ኮሚቴ ፊት የቀረበ ዕለት ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሰብሳቢው አቶ በድሩ የሆሞሻ ሰው ናቸው፤ በርታ፣ ቁጡ፣ ግን ቅን። ከአጠገባቸው ከመሃል አገር የመጣ አንድ አማካሪ ነበር፤ ክራባት ያሠረ።

«ድምፅ ይመሳሰላል» አለ አማካሪው። «ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕግ የመላ አገሪቱ ነው። ክልል ሊነካው ይችላል ወይ?»

«መሃሉ ያልወሰደው ለክልል ነው የተተወው» አሉ ጋሽ ገመቹ። «ድምፅ ከተመሳሰለ ፊርማም ይመሳሰላል። ፊርማን ግን አልከለከልንም።»

አቶ በድሩ ጣልቃ ገቡ። «አቶ ገመቹ፣ ሁሉም ያውቃል፤ ይሄ የአንድ ሴት ጉዳይ ነው። ለአንድ ሴት ተብሎ ሕግ ይወጣል?»

«ለአንድ ሴት ያልሆነ ሕግ ለማን ይሆናል?»

ክርክሩ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። በመጨረሻ ጋሽ ገመቹ ከዘንቢል ውስጥ የሐዋን ቴፕ አወጡ፤ አስፈቅደው ነው ያመጡት። ተጫኑት። ትንሽ ሽሽሽ አለና «አሰላሙ አለይኩም» አለ ሀሩን።

«ወአለይኩም ሰላም ወረሕመቱላህ» አሉ አቶ በድሩ። ከጎናቸው ያሉትም አሉ። እኔም እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ መለስኩ።

«ኬፍ ሐልኩም?» አለ ሀሩን፤ በዐረብኛ እንዴት ናችሁ ማለቱ ነው፤ ከዚያ ዝም አለ።

«ተይቢን፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ ሰብሳቢው፣ ወደ ቴፑ ጎንበስ ብለው።

ጋሽ ገመቹ አጠፉት። «ለማን ነው የመለሱት፣ አቶ በድሩ?»

«ለሀሩን ነዋ።»

«ሀሩን እኮ ሞቷል።»

«መሞት አውቃለሁ!» ተቆጡ አቶ በድሩ፤ ሲቆጡ አማርኛቸው ይሰባበራል። «ሰው ሰላም ሲል፣ አንተ ዝም ይላል? ይሄ ሰው ነው?»

«እኔ ዝም ብዬ ነበር» አሉ ጋሽ ገመቹ። «ችሎት ላይ።»

አቶ በድሩ ጥቂት ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና «ጻፍ፣ ሰዓዳ፤ ኮሚቴ ተቀብሏል» አሉኝ። ያን ቀን ጋሽ ገመቹ ሲወጡ ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ጣሉት። እንደዚያ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

ደስታው አልበረከተም። ኮሚቴው ከተቀበለ በኋላ ነገሩ ለአስተያየት ወደ መሃል አገር ተላከ። መልስ ጠበቅን። ክረምት ገባ፤ መንገድ ተቆረጠ። አንዱ ጉባኤ በበጀት አለቀ፤ ሌላው ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ተበተነ። በየጊዜው የምተይበው ዓረፍተ ነገር አንድ ነበር፤ «ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላልፏል።» ሐዋም በገበያ ቀን ትመጣለች። «ዳኛ፣ ሕግ ደረሰ?» «ገና ነው።» «ማሊሽ።» መልሱን እሳቸው ሲደክማቸው እኔ እመልስላት ጀመር።

አንድ ጠዋት የይግባኙ ውሳኔ ቀድሞ ደረሰ። የጋሽ ገመቹ ፍርድ ጸንቷል፤ ምክንያቱ ሁሉ ከእሳቸው ጽሑፍ የተወሰደ ነው። ቁመው አነበቡት። «አማርኛው ጥሩ ነው» አሉ፣ «የኔ ነው።» ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አዘንኩላቸው፤ ከሐዋ ይልቅ ለእሳቸው አዘንኩ ብል አላፍርም።

ሐዋ ቤቷን የምታስረክብበት ዕለት «ነዪ እንሂድ» አሉኝ። «ምን ልናደርግ?» ስላቸው «ዕቃ ልንሸከም» አሉ። ስንደርስ ጎረቤቱ ግቢውን ሞልቶታል። ምንጣፉ ተጠቅልሏል፣ ድስቱ ድስት ውስጥ ገብቷል። የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛው ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። ኢድሪስ ግን ወደ ግቢው አልገባም፤ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ጀርባውን ሰጥቶናል።

ሐዋ ያልጠቀለለችው ቴፑን ብቻ ነበር። መስኮቱ ላይ አስቀምጣ «ባል ቤቱን ይሰናበት» አለችና ተጫነችው። ጋሽ ገመቹ ማንጎው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። ከሰላምታው ያለፈውን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። የሚናገረው በበርታ ስለነበር ሐዋ ለሁለታችን በሹክሹክታ ታስተረጉምልናለች። ሀሩን ጎረቤቱን በስም በስም ጠራ፤ የተጠራው ሁሉ መለሰ። አንዲት አሮጊት እያለቀሱ መለሱ። ስለ ዶሮዎቹ ሳይቀር ጠየቀ።

«ይህ ሰው በሞት አፋፍ ሆኖም አይቸኩልም!» አሉኝ ጋሽ ገመቹ በጆሮዬ።

ከዚያ «ኢድሪስ» አለ ድምፁ። የግቢው ሰው ሁሉ ወደ አጥሩ ዞረ። «ኢድሪስ፣ ወንድሜ፣» ሐዋ አስተረጎመች፣ «ያ ከዛፍ ወድቀህ የተሰበረ እግር፣ እኔ አዝዬ የወሰድኩህ፣ አሁንም በክረምት ያመዋል?»

ሀሩን ዝም አለ። ካሴቱ ይሽከረከራል፤ የሚሰማው ሽሽሽ የሚለው ድምፁ ብቻ ነው። ወንድሙ መልስ እስኪሰጠው እየጠበቀ ነበር። ሰውም ጠበቀ። የኢድሪስ ትከሻ ከአጥሩ በላይ ይታየኛል።

በበርታ አንዲት ቃል ተናገረ። ሐዋ እስክታስተረጉምልን አልጠበቅንም፤ ገብቶናል። «ያመኛል» ነው ያለው።

ካሴቱ ቀጠለ፤ «ቤቱ የሐዋ ነው፤ ምስክር ሁነኝ።» ኢድሪስ ሲያነክስ በበሩ ገባ። ለአፈጻጸሙ ሠራተኛ «ኸላስ፣ በቃ፤ ቤት ለሷ ተውኩ። የት ነው ምፈርመው?» አለው። ሐዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም አብሬ አልኩ።

ግርግሩ ጋብ ሲል ሐዋ ከዛፉ ማንጎ ቀጥፋ ለጋሽ ገመቹ ሰጠቻቸው። «አሁን ጉዳይ የለም» አለች። እዚያው ቁመው በሉት፤ ጭማቂው በኮታቸው ላይ ወረደ።

ደስ ብሏቸው የሚያድሩ መስሎኝ ነበር። ስንመለስ ግን መንገዱ ላይ ቆሙና በቁጣ አዩኝ። «ምን ያስቅሻል? ይህ ፍትሕ አይደለም፣ ኢንተላ ኮ። ዕድል ነው። እግሩ ባያመውስ? ነገ ለሌላዋ ሴት እግሩን የሚያመው ወንድም ከየት አመጣላታለሁ?» አሉ። በማግስቱ ጠዋት ያንኑ አንቀጽ እንደገና እንድተይብ ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ ስንቴ እንደተተየበ እኔ ነኝ የማውቀው። «ካሴት» የሚለውን ሳናጸድቅ ሲዲ መጣ። ሲዲውን ስንጽፍ ሞባይል ገባ። ሰብሳቢ ተቀየረ፣ አማካሪ ተቀየረ፤ አዲስ የመጣው ሁሉ «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ይጠና» ይላል። ልጆቹ ባለሙያዎች «ጥርስ ሰባሪው ዳኛ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም ይስቃሉ፤ ስቀው መጽሐፉን መታ መታ ያደርጉታል። ጡረታ ሲወጡ መጽሐፉን ለእኔ ትተው ሄዱ። ላስቲኩ ተቀዷል እንጂ እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ ነው። ረቂቁም ከሥሩ ነው።

መልእክቱን ሳምንት አቆይቼ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ ከፈትኩት። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር፤ ትንፋሽ ይቆራርጠዋል።

«ሐዋ፣ አሰላሙ አለይኩም» አሉ፤ ያ ጴንጤ ሽማግሌ። ከዚያ ዝም አሉ። ሊቀጥሉ ነው ብዬ ስጠብቅ ገባኝ፤ ጊዜ መተዋቸው ነው። «ማንጎው ዘንድሮ አፈራ?» ዝም። «ኢድሪስ እግሩ እንዴት ነው?» ዝም። ማንንም አልዘለሉም፤ አቶ በድሩን ጠየቁ፣ ዶሮዎቹን ጠየቁ። በሞት አፋፍ ሆነው አልቸኮሉም።

«ሰዓዳ፣ ኢንተላ ኮ፣ ዓይንሽ እንዴት ነው? መነጽር ገዛሽ?»

«ገዛሁ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት።

«ያ አንቀጻችንስ?» አሉ ጋሽ ገመቹ። «ደረሰ?»

ዝም አሉ። በዚህኛው ብዙ ጠበቁ፤ ትንፋሻቸው ሲመላለስ ይሰማኛል። ዕንባዬ መነጽሬን አጨለመው። ሰው ጠይቆ ሲጠብቅ ዝም አይባልም።

«ገና ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።